ፓኒክ ሲነሳ፦ ከመጀመሪያው ደቂቃ እስከ ሦስተኛው ወር (ለድሬና ለሐረር ሰው)

ፓኒክ የሚመላለስበት ሰው ችግሩ ፈሪ መሆኑ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉን መገልበጡ ነው። ልቡ ሲደልቅ መጀመሪያ ይሮጣል፣ ቀጥሎ አየር በላይ በላዩ ይስባል፣ ከዚያ ድንገተኛ ክፍል ሄዶ ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ይነሳል፣ «ምንም የለብህም» ሲባል ይናደዳል፣ በማግስቱ በርጫው ላይ ይቀመጣል። በሳምንቱ ያው ይደገማል።

ስሙን አስቀድመን እንጨርስ። አንዳንዶች «የሽብር ጥቃት» ብለው ይተረጉሙታል፤ ለፖሊስ የሚደወልበት ነገር ስለሚመስል እዚህ ፓኒክ እንለዋለን።

ደረጃ 1ን እና 2ን ደህና በሆናችሁበት ሰዓት አንብቡ። ደረጃ 3ን በወረቀት ገልብጣችሁ ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉ፤ በዚያች ሰዓት ስልክ ከፍቶ ረጅም ጽሑፍ የሚያነብ የለም።

ደረጃ 1፦ ሌላ በሽታ አለመሆኑን አንድ ጊዜ፣ በደንብ አረጋግጡ

ይህን የሚዘል ሰው ቀጣዮቹን ደረጃዎች በሙሉ ልብ አይሠራቸውም። በየመሃሉ «ልብ ቢሆንስ?» ይላል።

በቀጠሮ፣ ተረጋግታችሁ ሂዱና እነዚህን አሠሩ፦
• የደም ግፊትና የልብ ምት
• ኢሲጂ
• የደም ስኳር
• የደም ማነስ ምርመራ
• የእንቅርት ሆርሞን (ቲኤስኤች)፤ የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራ ልብ ያስመታል፣ ያልባል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፤ ከፓኒክ ጋር አንድ ይመስላል

ውጤቱን ይዛችሁ አስቀምጡ። ደህና ከሆነ ምልክቱ እስካልተለወጠ ድረስ በየሳምንቱ አትደጋግሙት። ስድስተኛው ኢሲጂ የሚሰጠው እፎይታ ከሁለት ቀን አያልፍም፤ ከዚያ ሰባተኛውን ያስመኛል።

ማስጠንቀቂያ፦ የሚከተሉት ሲታዩ «ፓኒክ ነው» ብላችሁ ቤት አትቀመጡ። በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ሂዱ፤ ድሬ ከሆናችሁ ድል ጮራ ወይም ሳቢያን፣ ሐረር ከሆናችሁ ሕይወት ፋና ወይም ጁገል።
• ደረትን እንደ ድንጋይ የሚጫን፣ ወደ ግራ እጅ፣ ወደ ጀርባ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፤ በተለይ ዳገት ስትወጡ ወይም ዕቃ ስትሸከሙ የጀመረ ከሆነ
• ራስን ስቶ መውደቅ
• የአንድ ወገን እጅና እግር መዛል፣ አፍ መጣመም፣ ንግግር መተሳሰር
• ትኩሳት ያለበት መንቀጥቀጥ፤ ድሬ ላይ ወባና ደንጊ አለ፣ ብርድ ብርድ ማለትን ሁሉ ለጭንቀት አትስጡት
• በፀሐይ ከዋሉ በኋላ ሰውነት ግሎ ግራ መጋባትና መዘባረቅ

ዕድሜው ከ40 ያለፈ፣ ግፊት ወይም ስኳር ያለበት፣ ወይም በየቀኑ የሚቅም ሰው የደረት ሕመምን በራሱ ግምት አይለፍ። ጫት የልብ ምትንና ግፊትን ከፍ ያደርጋል።

ደረጃ 2፦ ሰውነት ውስጥ ምን እየሆነ እንደሆነ እወቁ

አንጎል አደጋ የመጣ መስሎት አድሬናሊን ያስለቅቃል። ልብ ይደልቃል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ጨጓራ ይላወሳል። ጅብ ቢያባርራችሁ የሚሆነው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ አሁን ጅቡ የለም።

ብዙ ሰው የማይረዳው ቀጣዩን ነው። «አየር አጠረኝ» የሚለው ሰው አየር አላጠረውም፤ በዝቶበታል። ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ከልክ በላይ ያስወጣዋል። ያኔ ወደ አንጎል የሚሄዱት የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ራስ ይዞራል፣ ከንፈርና ጣት ይወርራል፣ አንዳንዴም ጣቶች እንደ ወፍ ምንቃር ተሰብስበው ይጨመደዳሉ። ነርስ የኦክስጅን መለኪያ ጣቱ ላይ ብትሰካ ግን ቁጥሩ ደህና ነው።

«ልወድቅ ነው» የሚለውም እንዲሁ። ራስ መሳት የሚመጣው ግፊት ሲወርድ ነው፤ በፓኒክ ጊዜ ደግሞ ግፊት ይወጣል። ደም ወይም መርፌ ሲያይ የሚወድቅ ሰው ለብቻው የተለየ ነው።

ሰዓቱ፦ ብዙውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ይደርሳል፣ በ20 ወይም በ30 ደቂቃ ይበርዳል። ድካሙ ግን እስከ ማታ ሊቆይ ይችላል።

አንድ ጊዜ ፓኒክ መነሳቱ ብቻውን በሽታ አይባልም። ያለ ምክንያት እየተመላለሰ፣ «እንደገና ቢመጣስ» የሚለው ሥጋት ወይም ከቦታ መሸሹ አንድ ወርና ከዚያ በላይ ሲቆይ ግን የፓኒክ ሕመም ይባላል። ድንገት ሳይነሳ ስለ ልጅ፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ሁሉም ነገር ከ6 ወር በላይ አብዛኛውን ቀን የሚያብሰለስል ሰው ያለበት ሌላ የጭንቀት ዓይነት ነው፤ ደረጃ 5፣ 6 እና 8 ለእሱም ይሆናሉ።

ደረጃ 3፦ ሲነሳ በቅደም ተከተል አድርጉ

1. ባላችሁበት ቁሙ ወይም ተቀመጡ። ባጃጅ ወይም መኪና የምትነዱ ከሆነ ዳር ያዙና ሞተር አጥፉ። ፀሐይ ላይ ከሆናችሁ ጥላ ፈልጉ፤ ከዚያ አትራቁ።

2. ሰዓት እዩ። የጀመረበትን ደቂቃ ያዙ። «አያልቅም» የሚለውን ሐሳብ የሚረታው ሰዓት ነው።

3. ስሙን ጥሩት። «ፓኒክ ነው። ባለፈው ሳምንትም መጥቶ ሄዷል።» «አልፈራም፣ አልፈራም» አትበሉ፤ ትግሉ እሳቱ ላይ ቤንዚን ነው።

4. መጀመሪያ አስወጡ። ስህተቱ በሙሉ እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉም የሚጀምረው ከመሳብ ነው። ትኩስ ቡና እንደምታበርዱ ከንፈራችሁን አሹላችሁ ያለውን አየር በቀስታ እፍ በሉ።

5. ከዚያ በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠራችሁ ሳቡ፤ በአፍ እስከ 6 እየቆጠራችሁ አስወጡ። አንዱ እጅ ደረት ላይ፣ አንዱ ሆድ ላይ ይሁን፤ መነሳት ያለበት የሆዱ እጅ ነው። በደቂቃ 6 ትንፋሽ ያህል ይመጣል። 5 ደቂቃ ቀጥሉ።

6. ትከሻን ጣሉ፣ ጥርስን አላቁ፣ ጡጫን ፍቱ።

7. ዓይንን ሥራ ስጡት። የምታዩአቸውን 5 ነገሮች፣ የምትነኳቸውን 4፣ የምትሰሟቸውን 3 በስም ጥሩ። ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር የተቀመጠ ሰው «ግንድ፣ ባጃጅ፣ ቢጫ ጀሪካን፣ የሱቅ መጋረጃ፣ ጫማዬ» ሊል ይችላል። ዝርዝሩ ተራ በሆነ ቁጥር ጥሩ ነው።

8. እስኪበርድ ከቦታው አትሂዱ። ከገበያ፣ ከታክሲ፣ ከመስጊድ ወይም ከቤተ ክርስቲያን ጫፍ ላይ ሳለ ሸሽቶ የወጣ ሰው አንጎሉ «ያዳነኝ መውጣቴ ነው» ብሎ ይመዘግባል። በሚቀጥለው ያንን ቦታ ገና ሳይደርስ ይፈራዋል።

ሳይሠራ ሲቀር

ትንፋሹ ይበልጥ ካዞራችሁ፦ በጣም በጥልቀት እየሳባችሁ ነው። «በጥልቀት ተንፍስ» የሚለው ምክር የሚያሳስተው እዚህ ነው። ቀስታውን ጠብቃችሁ መጠኑን በግማሽ ቀንሱ፤ አበባ የምታሸቱ ያህል ብቻ።

መቁጠር ካቃታችሁ፦ ተዉት። የማስወጣቱን ክፍል ብቻ አስረዝሙ።

ከበረደ በኋላ ከተመለሰ፦ ማዕበል ነው፤ ሁለተኛው ብዙውን ጊዜ ያንሳል። ከተራ ቁጥር 4 ጀምሩ።

ከእንቅልፍ ካባነናችሁ፦ መብራት አብሩ፣ እግራችሁን መሬት አስነኩ፣ ያንኑ ሥሩ። ስልክ ላይ «የልብ ድካም ምልክቶች» ብላችሁ አትፈልጉ።

በወረቀት ወይም በፌስታል ውስጥ አትተንፍሱ። የቆየ ምክር ነው፤ ችግሩ አስም ወይም ልብ ከሆነ ኦክስጅን ይቀንሳል።

ደረጃ 4፦ አጠገብ ያለ ሰው የሚያደርገው

ድሬ ላይ አንድ ሰው ደረቱን ይዞ ከተቀመጠ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስምንት ሰው ይከበዋል፤ አንዱ ክብሪት ያሸታል፣ አንዱ ውሃ ይረጫል፣ አንዱ ስኳር በጥብጦ ይመጣል። ልባቸው ደግ ነው፤ ግን ለፓኒክ አንዱም አይጠቅምም፤ የክብሪቱ ጭስማ አስም ያለበትን ይጎዳል።

• ሰዉን በትኑ። አንድ ሰው ብቻ ይቅር።
• በቁመቱ ልክ ቁጭ በሉ። «ልንካህ?» ሳትሉ አትያዙት።
• አጭር ተናገሩ፦ «አቦ፣ አብሬህ ነኝ። ያልፋል። ከእኔ ጋር እፍ በል።» ከዚያ ራሳችሁ በቀስታ እፍ እያላችሁ አሳዩት። ትንፋሽ ከቃል ይልቅ በዓይን ይያዛል።
• «ምን ሆነህ ነው? ምን አስጨነቀህ?» አትበሉ። ጥያቄው ለማታ ይቆይ።
• በ30 ደቂቃ ካልበረደ ወይም ደረጃ 1 ላይ ካሉት ምልክቶች አንዱ ከታየ ይዛችሁት ሂዱ።

የስኳር በሽተኛ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል፤ ላብና መንቀጥቀጥ ስኳር መውረድ ሊሆን ስለሚችል የተበጠበጠው ስኳር ለእሱ መድኃኒት ነው።

ደረጃ 5፦ ለ14 ቀን መዝግቡ

ተራ ደብተር ይበቃል። በተነሳ ቁጥር አንድ መስመር ጻፉ፤ ካልተነሳም ጫት፣ ቡናና እንቅልፍ ብቻ መዝግቡ። ይህን ትመስላለች፦

«ረቡዕ፣ ማታ 4፡10። አልጋ ላይ። ጫት ከ8 እስከ 12 ሰዓት፤ ምሳ ሁለት ጉርሻ፤ ቡና 3 ሲኒ፤ ትናንት የተኛሁት 4 ሰዓት ያህል። ከፍታው 9 ከ10። 18 ደቂቃ። ያሰብኩት፦ ልቤ ሊቆም ነው። ያደረግኩት፦ ወጥቼ ግቢ ዞርኩ።»

በ15ኛው ቀን ደብተሩን ስታነቡ ሁለት ነገር ፈልጉ፦ የሚደጋገም ሰዓት እና የሚደጋገም መሸሻ። ሰዓቱ ወደ ደረጃ 6፣ መሸሻው ወደ ደረጃ 7 ይወስዳችኋል።

ደረጃ 6፦ ጫት፣ ቡና፣ እንቅልፍ

እዚህ አገር ስለ ፓኒክ ጽፎ ጫትን በአንድ መስመር የሚያልፍ መመሪያ ለሌላ አገር የተጻፈ ነው።

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚዛመድ አነቃቂ ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ኃይሉ ይቀንሳል፤ የአውዳይ ጫት ሳያድር የሚሮጠው ለዚህ ነው። አውዳይ ሥር የምትኖሩ እናንተ ደግሞ ትኩሱን ነው የምታገኙት። ምርቃናው ሲደርስ ልብ ይፈጥናል፣ ሰውነት ይሞቃል፣ ሐሳብ ይሮጣል። ፓኒክ ያለበት ሰው አካል ደግሞ ለልብ ምት ዘበኛ የቆመ ነው፤ የምርቃናውን ምት ሲሰማ «መጣ» ይላል፤ ያ ፍርሃት ራሱ ያመጣዋል። ሁለተኛው ክፉ ሰዓት ምርቃናው ሲበርድ ነው፤ ሆድ ባዶ፣ ጉሮሮ ደረቅ፣ እንቅልፍ የለም፣ ድባቴው ይወርዳል። ጨብሲው (ከጫት በኋላ የሚጠጣው አልኮል) የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አልኮል ለሁለት ሰዓት ያረጋጋና ሌሊት ከሰውነት ሲወጣ ልብ እያስመታ ያባንናል። ቀኑን በአንዱ ሌሊቱን በሌላው ማቀጣጠል ነው።

እንዴት ይቀነስ

1. መጀመሪያ መጠኑን ሳይሆን ሰዓቱን ቁረጡ። ከ11 ሰዓት በኋላ ገረባውን (የጫቱን ቅሪት) ጣሉ። አንድ ሳምንት።
2. ምሳ ሳይበላ አይጀመር። በየሰዓቱ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይጠጣ። ለስላሳና ኮካ ስኳርና ካፌይን ስለሚጨምሩ ይቅሩ።
3. ከዚያ በየሳምንቱ ሩቡን ቀንሱ። ዙርባው (የጫቱ እስር) ከመጀመሩ በፊት ለአራት ከፍላችሁ አንዱን ለሌላ ሰው ስጡት፤ «ትንሽ ልቃም» የሚል ውሳኔ ምርቃና ላይ አይሠራም።
4. በሦስተኛው ሳምንት ጫት የማይቃምባቸው ሁለት ቀናት ጨምሩ፤ አከታትላችሁ ሳይሆን አለያይታችሁ።
5. ጨብሲን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተዉ። በየቀኑ በብዛት የምትጠጡ ከሆነ ግን በአንዴ አታቁሙ፤ መንቀጥቀጥና ማንዘፍዘፍ ሊያመጣ ስለሚችል መጀመሪያ ሐኪም ይያችሁ።

የሚበላሸው እንዲህ ነው፦ ሰውየው በቁጭት በአንድ ቀን ያቆማል፤ ሐራራው ይመጣል፤ ያዛጋዋል፣ ይነጫነጫል፣ ሌሊት ዱካክ ይጫነዋል። «ሳቆም ባሰብኝ» ብሎ ይመለሳል። አልባሰበትም፤ ይህ የመቆረጥ ምልክት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይለቃል። ዱካክ የሚያስፈራ ሕልም እንጂ የእብደት መጀመሪያ አይደለም። ግን ቀን በንቃት ድምፅ መስማት ወይም «ይከታተሉኛል» ማለት ከመጣ ያ ሌላ ነው፤ በዚያው ቀን ሕክምና ይፈልጋል።

በርጫው ማኅበር ስለሆነ ከሰው መለየትም ያማል። ሄዳችሁ ተቀመጡ፣ ሻይ ወይም ሆጃ (የቡና ገለባ ሻይ) ያዙ፣ «ሐኪም ከልክሎኛል» በሉ፤ ከሁለት ሰዓት በላይ አትቆዩ። ጓደኛ «አንዲት ቀንበጥ» እያለ ከሦስት ጊዜ በላይ ካስቸገረ ለአንድ ወር ሌላ ቦታ ተገናኙ። ለማረፍ ብላችሁ ትራማዶል (የሕመም ማስታገሻ) ወይም ዲያዜፓም (ማረጋጊያ) ከሰው ተቀብላችሁ አትዋጡ።

ቡና፦ በቀን አንድ ሲኒ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት። አቦሉ ከቀረበ በረካውን ጠብቁ፤ ስም እንዳይነሳባችሁ መርቃችሁ ጠጡ።

እንቅልፍ፦ መነሻ ሰዓታችሁን አንድ አድርጉ፣ ሌሊቱ ቢበላሽም። ድሬ ላይ በሙቀቱ ምክንያት ቀን መተኛት የተለመደ ነው፤ ከ30 ደቂቃ አይለፍ፣ ከ9 ሰዓት በኋላም አይሁን።

ረመዳን፦ ካፍጥር በኋላ እስከ ሱሑር የሚቃም ጫት እንቅልፉን ሙሉ በሙሉ ይወስደዋል። በጾም ላይ ፓኒክ ከበረታ ሱሑርን አትዝለሉ፣ ውሃውን በሌሊቱ አዳርሱት። የመድኃኒት ሰዓት የሚዛወረው በሐኪም ነው።

ደረጃ 7፦ የሸሻችሁትን ቦታ በመሰላል መልሱ

ከድሬ ሐረር መሄድ ያቆመ ሰው እንውሰድ። ርቀቱ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሚያስፈራው የደንገጎ ዳገት ነው፤ ጠመዝማዛ፣ ሚኒባሱ ጢም ያለ፣ «አውርዱኝ» ቢባል መቆሚያ የሌለው። መሰላሉ ይህን ይመስላል፦

1. የቆመ ሚኒባስ ውስጥ 15 ደቂቃ መቀመጥ
2. ከከዚራ ሳቢያን በባጃጅ
3. በከተማ ታክሲ፣ የኋላ ወንበር፣ ሙሉ መስመር
4. ደንገጎ አናት ድረስ ከሰው ጋር፣ መመለስ
5. ሐረማያ ድረስ ከሰው ጋር
6. ሐረር ከሰው ጋር
7. ሐረር ብቻን፣ መስኮት ጥግ
8. ሐረር ብቻን፣ የኋላ ወንበር መሃል

ሐረር ያላችሁ የራሳችሁን ሥሩ፤ ከባዶ የጁገል ጠባብ መንገድ ጀምራችሁ ቅዳሜ በሸዋ በር ገበያ መሃል ጨርሱ።

ሕጉ ሦስት ነው። በየደረጃው ፍርሃቱ በግማሽ እስኪወርድ ቆዩ። በሳምንት ቢያንስ አራት ቀን ድገሙ። ፍርሃቱ ከ10 ወደ 3 ሳይወርድ ወደ ቀጣዩ ደረጃ አትለፉ።

አንድ ደረጃ ካቃተ መሃል ላይ ሌላ ክተቱ። ከ3ኛው ወደ 4ኛው ደረጃ መዝለል ከበዛ የሚኒባሱን ሁለት መቀመጫ ከፍላችሁ ሞክሩ፤ በኋላ አንዱን ቀንሱ።

ብዙ ሰው ለሳምንታት ሠርቶ የማይለወጠው ምርኩዝ ይዞ ስለሚሄድ ነው፦ የውሃ ጠርሙስ፣ በር አጠገብ መቀመጥ፣ ከመሳፈር እስከ መውረድ ስልክ ማውራት፣ ኪስ ውስጥ ያለች ኪኒን። ፍርሃቱ «ጠርሙሱ አዳነኝ» ይላል። አንድ በአንድ ጣሏቸው።

ስሜቱን ራሱን መልመድ

ቦታውን ሳይሆን የልቡን ምት የሚፈራ ሰው ቤት ውስጥ ሆነ ብሎ ያምጣው፦ ባለበት መሮጥ 1 ደቂቃ፣ ቆሞ መሽከርከር 1 ደቂቃ፣ በቀጭን መምጠጫ (ስትሮ) ብቻ መተንፈስ 1 ደቂቃ። ከእያንዳንዱ በኋላ ምንም ሳያረጋጉ እስኪበርድ መቀመጥ። ሦስት ጊዜ፣ በየቀኑ። እርጉዝ፣ የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ ወይም አስም ያለበት ያለ ሐኪም አይሞክር።

ደረጃ 8፦ ሕክምና

ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ከሞከራችሁ በኋላ ካልቀነሰ፣ ወይም ሥራና ትምህርት ካስቆመ፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሂዱ። ካርድ ክፍል ላይ «ልቤን» ብቻ ካላችሁ ወደ ውስጥ ደዌ ትላካላችሁ፤ «ልቤ ተመርምሮ ደህና ነው፣ ድንገት የሚመላለስ ፍርሃት አለብኝ» በሉ። የኢሲጂውን ወረቀትና ደብተሩን ያዙ። ጫትን አትደብቁ፤ የሐኪሙ ውሳኔ በእሱ ይለወጣል።

ሁለት መንገድ አለ፤ አንድ ላይም ይሄዳሉ። አንደኛው የንግግር ሕክምና ነው፤ ደረጃ 7ን ከባለሙያ ጋር መሥራት ማለት ነው። ሁለተኛው መድኃኒት ነው፤ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ይታዘዛሉ። ስለ እነሱ ሦስት ነገር ያዙ፦
• ጥቅሙ የሚታየው ከ2 እስከ 6 ሳምንት ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጭንቀቱን ሊያብስ ይችላል፤ ብዙ ሰው የሚተወው በዚህ ሳምንት ነው። ለሐኪሙ ደውሉ፣ መጠኑ ይቀነስላችሁ።
• ከተሻላችሁም በኋላ ወራት ይቀጥላል። በራሳችሁ በአንድ ቀን አታቁሙ።
• ዲያዜፓም ለጊዜው ያረጋጋል፣ በጥቂት ሳምንታት ሱስ ሊያስይዝ ይችላል፤ ከአልኮል ጋር ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

ጠበልም ሆነ ሩቅያ ይቻላል። ኪኒኑን አስጥለው የሚያስሩ ወይም የሚገርፉ ቦታዎች ግን ይቅሩ፤ አስታማሚው ይህን ቀድሞ ይጠይቅ።

ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም። ብቻውን አይደር፣ መድኃኒቶች ከቤት ይነሡ፣ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ።

ከ3 ወር በኋላ ቢመለስ

አንድ ቀን፣ ምናልባት ሌሊቱን ሳትተኙ ባደራችሁበት ማግስት፣ ሊነሳ ይችላል። ከደረጃ 3 ተራ ቁጥር 1 ጀምሩ፣ ደብተሩን አውጥታችሁ መስመሯን ጻፉ። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ወደተነሳበት ቦታ ተመለሱ፤ ሚኒባስ ከነበረ ያንኑ መስመር፣ ገበያ ከነበረ ያንኑ ተራ፣ ጠርሙሱን ቤት ትታችሁ።